ቼክ ብልጭ ድርግም ካለች መኪናውን አቁሙ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ የምጽፍላችሁ ዳሽቦርድ ላይ ስላለችው የሞተር ምልክት፣ ሁላችንም ቼክ ስለምንላት ቢጫ መብራት ነው። በርታ ዝም ካለች ኮምፒውተሩ አንድ ብልሽት መዝግቧል፣ ቶሎ አስመርምር ማለቷ ነው። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ሲሊንደር ውስጥ የገባው ቤንዚን ሳይቃጠል እየወጣ ነው፣ አሁኑኑ ዳር ያዝ ማለቷ ነው። ይህን ልዩነት እኔ ብዙ ብር ከፍዬ ነው ያወቅኩት። ሌላ ሰው እንዲከፍልበት አልፈልግም።

ከአዲስ አበባ እየመጣሁ ነበር፣ እናቴን ከኋላ አስቀምጬ። መኪናዋ ባለአራት ሲሊንደር ቪትዝ ናት። ጊቤ በረሃ ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ የአበልቲን ዳገት ስያያዘው መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ነዳጅ ብረግጥ ጉልበት የለም። ቼክ ብልጭ ድርግም ትላለች። ደንግጬ መካኒኬ ጋ ደወልኩ። «ሴንሰር ነው፣ አታስብ፣ ዝም ብለህ ና» አለኝ። እኔም መጣሁ። ሰኮሩን፣ አሰንዳቦን፣ ሰርቦን አልፌ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በሶስት ሲሊንደር እየተንገጫገጭኩ፣ እናቴ «ምንድነው የሚሸተው ልጄ?» እያለች፣ መሽቶ ጅማ ገባሁ። ግቢ አቁሜ ጎንበስ ብዬ ሳይ ካታሊስቱ ያለበት የጭስ ቱቦ እንደ ከሰል ፍም ቀልቷል። ደረቅ ሳር ላይ አቁሜ ቢሆንስ? አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል።

ካታሊስት ለማያውቅ፣ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሴራሚክ ነው። ፕላቲነምን የመሰለ ውድ ብረት ይቀባል፣ ዋጋውም ለዚህ ነው የማይቀመሰው። ሥራው መርዛማውን ጭስ ማጣራት ነው። ሲሊንደሩ ያላቃጠለው ቤንዚን ግን እዚያ ደርሶ ይነዳል። ሙቀቱ ሲበዛ ሴራሚኩ ይቀልጣል፣ የቀለጠው ደግሞ የጭሱን መውጫ ይደፍናል።

በማግስቱ ጋራዥ ወሰድኳት። ካንዴላ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው፣ ይቀየር ተባለ፣ አራቱም ተቀየሩ። አልዳነችም። ኮይል ነው ተባለ፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ ማለት ነው፣ አራት ኮይል ገዛሁ። አልዳነችም። የባትሪ ገመድ ነቅለው መለሱና መብራቷ ጠፋች፣ «ይኸው ድናለች» ብለው ሸኙኝ። በነጋታው ተመልሳ በራች። ባትሪ መንቀል ብልሽት አይጠግንም፣ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን መረጃ ብቻ ነው የሚያጠፋው። ቀጥሎ የነዳጅ ፓምፕ ይቀየር ሲሉኝ መኪናዬን ይዤ ወጣሁ።

ያዳናት ሂርማታ አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጣት ነው። ከመሪው ስር ያለችው ሶኬት ላይ ጣት የምታህል ማንበቢያ ሰካ፣ ስልኩን አወጣ፣ «ጋሼ፣ ይዩት፣ ፒ0302» አለኝ። ኮምፒውተሩ የመዘገበው የብልሽት ኮድ ነው፣ የመጨረሻው ቁጥር ቤንዚኑን የማያቃጥለው ሲሊንደር ነው። ፒ0301 አንደኛው፣ ፒ0302 ሁለተኛው፣ እያለ ይሄዳል። ፒ0300 ከሆነ ጣጣው በአንዱ ሲሊንደር ብቻ አልተወሰነም፣ ያኔ ነዳጁን ወይም ያለቦታው ንፋስ የሚያስገባ ቱቦ ካለ ማየት ነው። በሃይላንድ የገዛችሁት ቤንዚን ውሃ ካለበትም እንዲህ ሊያደርጋችሁ ይችላል።

ልጁ ምንም ግዛ አላለኝም። የሁለተኛውን ኮይል ነቅሎ ሶስተኛው ላይ፣ የሶስተኛውን ሁለተኛው ላይ አደረገ። ኮዱን አጥፍቶ አንድ ዙር ነዳን። ኮዱ ወደ ፒ0303 ቢዛወር ጥፋቱ የኮይሉ ነበር፣ አልተዛወረም። ካንዴላውንም እንዲሁ አቀያየረው፣ አሁንም ያው ፒ0302። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ሁለተኛው ኮይል ላይ የሚሰካውን ሶኬት በጣቱ ነካ ሲያደርገው ሞተሩ አንዴ ሊጠፋ ይላል፣ አንዴ ይረጋጋል። የሶኬቱ የፕላስቲክ ጥርስ ተሰብሮ ነበር። ቀደም ሲል ሰርቪስ ያደረገው ሰው ሲነቅለው የሰበረው ይመስለኛል። ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሽቦው ይላቀቃል። ለዚህች ጥርስ ነው አራት ካንዴላና አራት ኮይል የገዛሁት! ሶኬቱ ደህና ሆኖ ቢገኝ ኖሮ ቀጥሎ ቤንዚን የሚረጨውን ኢንጄክተር ያይ፣ ከዚያ ኮምፕረሽኑን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት፣ ይለካ ነበር።

አንዳንድ መካኒኮች ሞተሩ እየሠራ ኮይል ወይም የካንዴላ ገመድ እየነቀሉ የሞተውን ሲሊንደር ይፈልጋሉ። በካርቡራተር ዘመን የተለመደ ነገር ነው። ኢንጄክተር ባለው መኪና ላይ ግን ኢንጄክተሩ ቤንዚኑን መርጨቱን አያቆምም፣ ያ ሁሉ ካታሊስቱ ላይ ይወርዳል። ሰውየውንም ኤሌክትሪክ ሊመታው ይችላል። ላቫጆ ስትገቡም ሞተሩን በኃይለኛ ውሃ አታስመቱ። ውሃው ካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ከተኛ መኪናው ሲወጣ ይንቀጠቀጣል፣ በኛ ከተማ እርጥበት ደግሞ ቶሎ አይደርቅም።

ይህን ያህል የምወተውተው የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ያለችንን መኪና ጠብቀን ከመያዝ ሌላ አማራጭ ስለሌለን ነው። ጋራዥ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ፣ ዕቃ ግዛ ከማለታችሁ በፊት ኮዱን ለባለመኪናው አሳዩት፣ ደረሰኙ ላይም ጻፉለት። ኮይል ማቀያየር ሃያ ደቂቃም አይፈጅም። መኪና የምትገዙም፣ ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩ ሳይነሳ ቼክ ልትበራ ይገባል። ካልበራች አምፖሉ ተነቅሎ ወይም ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል፣ ሳታጣሩ ብር እንዳትከፍሉ።

የኔ ቪትዝ አሁን በአራቱም ትሠራለች። ካታሊስቱ ግን አልተረፈም። ፒ0420 የሚል ሌላ ኮድ መጥቷል፣ ካታሊስቱ ሥራውን አይሠራም ማለት ነው፣ ዳገት ላይም ትደክማለች። ሰሞኑን ጅሬን እንግዳ ይዤ ስወጣ በአንደኛ ማርሽ ነው የወጣሁት። የሚቀየርበትን ብር እያጠራቀምኩ ነው።

አንባቢያችሁ፣
ከጅማ