በጣሳ ላይ ስላሉት ሦስት ጭረቶች፤ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትህም ጉልበት ተሽሏታል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ባለፈው እሁድ እህትህ ደውላ የነገረችኝ ነገር ነው። ሞንስተር የተባለውን የኃይል መጠጥ ከቤቷ አውጥተህ መጣልህን ባለፍኩት ነበር፤ ነገር ግን እዚያው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን የአገራችንን ሰው ሱቅ ከነባለቤቱ በቪዲዮ ቀርጸህ «የአውሬውን ምልክት ይሸጣሉ» ብለህ ማሰራጨትህን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ልጄ፣ ያላጣራኸውን በሰው ላይ አታውራ።

በጣሳው ላይ ያሉት ሦስት ጭረቶች «ዋው» የተባለው የዕብራይስጥ ፊደል ናቸው፣ ዋውም ስድስት ስለሆነ 666 ይሆናል ብለሃል አሉ። ዋው ስድስት መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም በዕብራይስጥ የፊደላቱ ዋጋ እየተደመረ ስለሚነበብ፣ ሦስት ዋው ጎን ለጎን ቢቆም ዐሥራ ስምንት እንጂ ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት አይሆንም። ይህን ለማወቅ ዕብራይስጥም አያስፈልግህም ነበር፤ ከየኔታ ዘንድ የግእዝ ቁጥር ስታጠና ፮፻፷፮ ብለህ ስትጽፍ አጠገብህ ተቀምጬ ነበር። ስድስት፣ መቶ፣ ስድሳ፣ ስድስት። ሦስት ስድስት የተሰለፈው የቱ ላይ ነው? የዮሐንስ ራእይ በተጻፈበት በግሪክኛም ቢሆን ቁጥሩ በፊደል ሲጻፍ ሦስቱም ፊደላት የተለያዩ ናቸው።

ከቤታችን ማዶ ሱቅ የነበራቸውን፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ ከረሜላ ያስይዙህ የነበሩትን ሰው ታስታውሳቸዋለህ። ሰፈር ለቀው ሄዱ ብዬ ነበር የነገርኩህ፤ እውነቱን ግን ደብቄሃለሁ። ባርኮድ በሚባለው፣ በዕቃ ማሸጊያ ላይ በሚታተመው የመስመሮች ምልክት ውስጥ 666 ተሰውሯል የሚል ወሬ ሰምቼ፣ ከእርሳቸው በገዛሁት ሳሙና ላይ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ያሉትን ቀጫጭን ጥንድ መስመሮች አየሁና ዕድር ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። መስመሮቹ የስድስትን ምልክት ይመስላሉ እንጂ ቁጥር አይደሉም፤ የማንበቢያው መሣሪያ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚጋመስና የት እንደሚያበቃ እንዲለይ የተሠመሩ ናቸው። ይህን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ማንንም አልጠየቅሁም። ጎረቤቱ ሁሉ እግሩን አነሣ፤ ዓመት ሳይሞላ ሱቁ ተዘጋ። ሊሰናበቱኝ መጥተው በር ሲያንኳኩ እናትህን «የለም በያቸው» አልኳት። ድምፄን ሰምተዋል። እስከ ዛሬ የት እንደደረሱ አላውቅም። ያላጣራኸውን በሰው ላይ አታውራ የምልህ ለዚህ ነው።

በምትኖርበት አገርም ይህ ያስጠይቃል። ሳሙና የሚያመርተው የአሜሪካ ኩባንያ የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ዓርማ ጨረቃና ዐሥራ ሦስት ከዋክብት ነበረው፤ ከዋክብቱ የጥንቶቹን ዐሥራ ሦስት የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ያመለክቱ ነበር። የሰይጣን ምልክት ነው የሚለው ወሬ ቢበረታ ኩባንያው በ1985 እ.ኤ.አ. ዓርማውን ከማሸጊያዎቹ ላይ አነሣው፤ በ2007 ደግሞ ፍርድ ቤት የተሰየሙ የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ወሬውን አሰራጭተዋል በተባሉ አራት ሰዎች ላይ የ19.25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወሰኑ። ትልቅ ኩባንያ ጠበቃ አለው። ለባለ ሱቁ ማን አለው?

ቪዲዮውን ዛሬውኑ አጥፋው፤ ላየው ሰው ሁሉ መሳሳትህን በዚያው በራስህ አንደበት ተናገር። ከዚያ ሱቁ ድረስ በእግርህ ሂድ፤ በስልክ ይቅርታ አይሆንም። ለእህትህም የጣልከውን ተካላት፤ ካፌይንና ስኳሩ ካሳሰበህ ያንኑ ንገራት፣ እርሱ እውነት ነው። ብርዱ ሳይበረታ ወፍራሙን ካፖርት አውጣ። እኔ አንተን አልጠላሁም፣ አልጠላህምም፤ ግን ያላጣራኸውን አታውራ።

እናትህ በሚመጣ ሰው በርበሬና ሽሮ ልካልሃለች። ከሽሮው ግማሹን ለባለ ሱቁ ውሰድላቸው።

አባትህ