ሰበቡን ከደወሉ በፊት ንገሩን

ውድ አዘጋጅ፣

ትልቅ የቦክስ ፍልሚያ ባለቀ ቁጥር የሚነሳው ክርክር በጣም ያበሳጨኛል። ያሸነፈው ግዙፉ ከሆነ «በኪሎ ስለበለጠው ነው» ይባላል። ትንሹ ካሸነፈ ደግሞ «ሰውዬው አልተዘጋጀም ነበር» ይመጣል። እንዲህ ከሆነ በችሎታው ያሸነፈ ሰው ከየት ሊገኝ ነው?

ኪሎ ለውጥ አያመጣም አላልኩም። የሚዛን ምድብ የተሠራው ለዚሁ ነው። ከባድ ሚዛን ላይ ግን ከላይ ገደብ የለም፤ ንትርኩም እዚያ ይብሳል። እንግሊዛዊውን ቦክሰኛ ዴቪድ ሄይን አስታውሱ። በፈረንጆቹ 2009 ኑረምበርግ ላይ ኒኮላይ ቫሉየቭን ገጠመ። ቫሉየቭ 2 ሜትር ከ13 ይረዝማል፤ ከሄይ ከ40 ኪሎ በላይ ይከብድ ነበር። ሄይ ገባ ብሎ ይመታል፣ ይሸሻል፣ ደግሞ ይመታል። በነጥብ አሸንፎ የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ ወሰደ። ያን ጊዜ ፍጥነቱን አድንቀን አልጠገብንም።

ያው ሄይ በ2011 ሐምቡርግ ላይ በቭላድሚር ክሊችኮ ተሸነፈ። ከዚያ ጋዜጠኞች ፊት ጫማውን አወለቀ፣ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፣ ተሰብሮብኛል ያለውን ትንሿን የእግሩን ጣት አሳየ። አላመመውም ማለቴ አይደለም። ግን ያን ምሽት መግቢያ ያሳጣው የክሊችኮ ረጅም ግራ እጅ ነው፤ 12 ዙር ሙሉ አላስጠጋው አለ። በማግስቱ ስለዚያ እጅ ያወራ ሰው ጥቂት ነው። ወሬው ሁሉ ጣት ሆነ።

ዲዮንታይ ዋይልደርም በ2020 በታይሰን ፉሪ ሲሸነፍ ወደ ሪንግ ለብሶት የገባው ከባድ ልብስ እግሬን አደከመው አለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን የኦሌክሳንደር ኡሲክ ነገር ነው። በግንቦት 2024 ሪያድ ላይ፣ 9ኛው ዙር፣ ፉሪ በኡሲክ ቡጢ ከገመድ ገመድ ሲንገዳገድ አይተናል። ገመዱ ባይዘው ኖሮ ወለሉ ላይ ነበር። ዳኛው ቆጠረበት። በታኅሣሥ የመልስ ፍልሚያ ፉሪ 127 ኪሎ፣ ኡሲክ 102 ኪሎ ገደማ ሆነው ተገናኙ። ሦስቱም ነጥብ ሰጪ ዳኞች 116 ለ 112 ለኡሲክ ሰጡ። ከዚያ በኋላ «ፉሪ ስለከበደ ነው የዘገየው» የሚሉ ተነሱ። ቢያሸንፍ ኖሮ ያው ኪሎ «ጉልበት» ይባል ነበር። እንደተመቸን እናገላብጠዋለን ማለት ነው።

በአንጻሩ ካኔሎ አልቫሬዝን አከብረዋለሁ። በ2025 ቴረንስ ክራውፎርድ ሁለት ምድብ ወደ ላይ ወጥቶ ሲያሸንፈው፣ ሰበብ ሳያበዛ የሰውዬውን ብልጫ አመነ።

እኔ የምለው፣ ምክንያት ያለው ከደወሉ በፊት ይናገር። የቆሰለ ካለ ፍልሚያው ይራዘም። በኪሎ ይበለጣል የሚል ደጋፊም ቀድሞ ይበል፤ ትንሹ ካሸነፈ ደግሞ እጥፍ ያጨብጭብ።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። ከፍልሚያው በፊት በምታወጡት ዘገባ የሁለቱንም ኪሎ፣ ቁመትና የሚታወቅ ጉዳት ካለ ጻፉልን። ውጤቱን ስትዘግቡ ደግሞ የተሸናፊውን ሰበብ ርዕስ አታድርጉት። አሸናፊው በየትኛው ዙር፣ በየትኛው እጁ፣ ምን አድርጎ እንዳሸነፈ አስቀድሙልን።

አንድ የቦክስ ወዳጅ