ከስቱኮ ስር ያገኘሁት ዝገት፦ ስለ ኤም ጂ ቢ መኪናዬ የቀረበ ቅሬታ

ለጋራዡ ባለቤት

ጉዳዩ፦ የ1971 ኤም ጂ ቢ ስፖርት መኪናዬ የበር ግርጌ ላሜራ እንደገና እንዲሠራ ወይም ገንዘቤ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጀምሬው ነበር፣ ግማሽ ላይ ተውኩት። ለንደን ውስጥ ስንት ጋራዥ እያለ እርስዎ ጋ የመጣሁት የአገሬ ሰው ነዎት ብዬ ስለሆነ፣ ቅሬታዬንም በአማርኛ ቢሰሙት ይሻላል።

ባለፈው ማርች መኪናዋን ሳስረክብ የተነጋገርነው ግልጽ ነበር። ሞተሩ ይፈታ፣ ካርቡራተሮቹ ይታደሱ፣ ከሁለቱም በሮች ስር ያለው ላሜራ ከነውስጡ ተቆርጦ ይውጣና በአዲስ ይተካ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈውም ይኸው ነው። ለላሜራው ብቻ 3,800 ፓውንድ ከፈልኩ። በዛ ብዬ አልተከራከርኩም፤ የእጅ ሥራ ነው፣ ጊዜ ይፈጃል።

የሞተሩን ሥራ አልክድም፣ እጃችሁ ይባረክ። ያቺ 1798 ሲሲ ሞተር ጠዋት ቁልፍ ሲዞርላት ወዲያው ትነሳለች፣ ሁለቱ ኤስ ዩ ካርቡራተሮችም እኩል ይስባሉ። እሱን አምኜ ነው በኦገስት ባለቤቴን ይዤ ስኮትላንድ ድረስ የወጣሁት።

ግሌንኮ ላይ ዝናቡ እየወረደ መኪናዋ ቀጥ አለች። ጥፋቱ ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ የምትሽከረከረው ሮተር ነበረች። አሁን ገበያ ላይ ካሉት አንዳንዶቹ መሃላቸው ላይ ባለው ሪቬት፣ ማለት በማያያዣዋ ምስማር በኩል ኤሌክትሪኩን ወደ ዘንጉ ያሾልኩታል፣ አሮጌ የእንግሊዝ መኪና የሚነዳ ሁሉ የሚያማርረው ነገር ነው። ሊረዳን የመጣው ሰውዬ ሪቬት የሌላት ቀይ ሮተር ከሳጥኑ አውጥቶ ቀየረልንና ተነሳን። ሶማሌ ተራ እንኳን ሻጩ «ይቺ ኦርጅናል ናት፣ ይቺ ፎርጅድ ናት፣ ምረጥ» ይላል። እናንተ የትኛዋ ትግባ ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም። ይሁን፣ ይቺን ትቼዋለሁ፤ የጥቂት ፓውንድ ዕቃ ናት።

ዋናው ጉድ የታየው በማግስቱ ነው። ወደ አፕልክሮስ የሚያስገባው ቤያላክ ና ባ የሚሉት መንገድ 626 ሜትር ከፍታ ድረስ የሚወጣ፣ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ፣ ጥምዝምዝ ያለ ዳገት ነው። መኪናዋ ሙቀቷ ሳይጨምር ወጣችው። ቁልቁለቱ ላይ ግን በግራ በኩል ያለው በር መንገዱ በጎረበጠ ቁጥር ይንጫጫ ጀመር። ባለቤቴ «በሩ በደንብ አልተዘጋም መሰለኝ» አለች። ተዘግቷል። ታች ስንደርስ አንዱ ጎማ አየር ጎድሎት ስላየሁ ልቀይረው በክሪክ አነሳኋት። ባለቤቴ ጃኬቷን ልታወጣ በሩን ብትስበው እምቢ አለ። ክሪኩን አወረድኩት፣ ተከፈተ። መልሼ ሳነሳት እንደገና ነከሰ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ይቺ መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፣ ጣሪያዋም ሸራ ነው። ፊቷንና ኋላዋን አያይዞ የሚሸከማት ያ በበሩ ስር ያለው ላሜራ ነው፤ ከውጭ፣ ከመሃልና ከውስጥ እንደ ሳጥን ተበይዶ። እሱ ከበሰበሰ መኪናዋ ወገቧ ላይ ትታጠፋለች፣ በሩም ይጣበቃል። እኛ ደግሞ ከዚያ ሩቅ አገር እንዴት እንመለስ? ባለቤቴን አጠገቤ አስቀምጬ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ትንፋሼን ዋጥ እያደረግሁ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቀስ እያልኩ ነዳሁ።

ቤት እንደገባሁ ከፍሪጁ በር ላይ ማግኔት ነቀልኩ። የላሊበላ ሥዕል ያለባት፣ እህቴ ከአገር ቤት ያመጣችልኝ። ከበሩ ስር አስጠጋኋት፣ ወደቀች። አንድ ስንዝር ፈቀቅ አደረግኋት፣ ያዘች። ፈቀቅ፣ ወደቀች። ማግኔት ከላሜራ ላይ አይወድቅም ጋሼ። ስቱኮ ነው።

ከዚያ በራሴ ፈቃድ ኤም ኦ ቲ ወደሚሉት የመኪና ዓመታዊ ምርመራ አስገባኋት። ከ40 ዓመት በላይ ስለሆናት ሕጉ አያስገድደኝም። እናንተም ይህን ታውቃላችሁና ማንም ከስር ገብቶ አያያትም ብላችሁ ይሆን? (እንዲህ በማሰቤ ይቅርታ፣ ግን አሰብኩት።) ምርመራውን ወደቀች። ሌላ ባለሙያ ደግሞ ከውጩ ላሜራ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ በካሜራ ውስጡን አሳየኝ። የድሮው ዝገት ከነብስባሱ እንደተቀመጠ ነው። ከላዩ አዲስ ላሜራ ተለጥፎበታል፣ ጠርዙ በስቱኮ ተስተካክሏል፣ ሁሉም በጥቁር ቀለም ተሸፍኗል። 11 ፎቶዎችና የምርመራ ወረቀቱን አያይዣለሁ።

ስደውል ስልኩን ያነሳው ልጅ «የ50 ዓመት መኪና ናት፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ። ከ50 ዓመት መኪና የምጠብቀውን አውቃለሁ። ዘይት ታንጠባጥባለች፣ ችያለሁ። ዝናብ በሸራው ጠርዝ ገብቶ ጉልበቴ ላይ ይወርዳል፣ እሱንም ችያለሁ። እኔ የምጠይቃችሁ ግን ገና 5 ወር ስለሆነው ላሜራ ነው።

የምፈልገው ይህን ነው። ሁለቱም ጎኖች ይከፈቱ፣ የተለጠፈው ይነሳ፣ የበሰበሰው እስከ ውስጡ ተቆርጦ ይውጣ፣ ሦስቱም ላሜራዎች በአዲስ ይተኩ። ከመቆረጡ በፊት የበሩ ክፍተት በብረት ይወጠር፣ አለበለዚያ አካሏ ጠምሞ ይበየድና በሩ ዕድሜ ልኩን አይገጥምም። ከመዘጋቱ በፊት ውስጡ ቀለም ይቀባ፣ የዝገት መከላከያ ሰም ይረጭበት። በየደረጃው ፎቶ እንዲነሳ፣ ከመዘጋቱ በፊትም እኔው መጥቼ እንዳይ እፈልጋለሁ። ለዚህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አልጨምርም። ይህን አንሠራም ካላችሁ 3,800 ፓውንዱንና ለምርመራ ያወጣሁትን 140 ፓውንድ መልሱልኝ፣ ሌላ ቦታ አሠራታለሁ።

በ2015 የወጣው የእንግሊዝ የሸማቾች መብት ሕግ አገልግሎት በተገቢው ጥንቃቄና ሙያ መሠራት አለበት ይላል፤ ካልሆነ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲደገም ወይም ዋጋው እንዲቀነስ መጠየቅ መብቴ ነው። በ14 ቀን ውስጥ መልስ በጽሑፍ ካላገኘሁ ለአነስተኛ ክሶች ችሎት አመለክታለሁ። እዚያ መድረሱን አልወድም። ሐበሻና ሐበሻ ፍርድ ቤት ሲጓተት ደስ አይልም፣ ግን እሄዳለሁ።

እባክዎ በስልክ አይመልሱልኝ፣ ልጁም እንዳይደውል። መኪናዋ ደጄ ላይ በሸራ ተሸፍና ቆማለች፣ አልነዳትም። በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ቅዳሜ ቤት ነኝ፣ ቡናም ይፈላል። ማግኔቷን ሾፌር ወንበሩ ላይ ትቻታለሁ፣ ራስዎ ይሞክሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የመኪናዋ ባለቤት