ሚሚዬ፣ ጃማይካ ሄደሽ ሆቴል ውስጥ እንዳትቀሪ

ሚሚዬ የኔ ማር፣

እንዴት ነሽ፣ ዳኒስ ደህና ነው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ አባትሽ ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል እንጂ። ይሄን ሆን ብዬ ነው በአማርኛ የጻፍኩልሽ፣ ቀስ እያልሽ አንብቢው፣ ያልገባሽ ካለ ደውዪልኝ እንጂ ጉግል ትራንስሌት ውስጥ እንዳትከቺው፣ ባለፈው «ሆዴ» ብዬ የጻፍኩልሽን «ጨጓራዬ» ብሎ ተርጉሞልሽ አሞሻል ወይ ብለሽ በሌሊት የደወልሽው አይረሳኝም።

ትናንት የሆቴሉን ነገር ስትነግሪኝ ዝም ያልኩት ቅር ብሎኝ አይደለም። አምስት ሌሊት ሞንቴጎ ቤይ፣ ኦል ኢንክሉሲቭ፣ እጅሽ ላይ ያቺን የፕላስቲክ አምባር አስረውልሽ ገንዳና ቡፌ ባህር ዳር ምናምን፣ ጥሩ ነው፣ ሁለታችሁም ደክማችኋል፣ ተኙ። ግን እኛም ለሠላሳኛ ዓመታችን አንቺ ቆርጠሽልን ስንሄድ የመጀመሪያውን ሦስት ቀን እንደዛው ነው ያሳለፍነው፣ ግቢው በግንብ የታጠረ ነው፣ ፍሎሪዳ ነሽ ብትባይ ታምኛለሽ። በአራተኛው ቀን አባትሽ ድንገት ብድግ ብሎ «እኔ ዋና አልችል፣ መጠጥ አልጠጣ፣ እዚህ የተጋደምኩት ምን ልሆን ነው» አለና ወጣን፣ ደግነቱ።

መኪና ግን እንዳትከራዩ። እንደ እንግሊዞቹ በግራ ነው የሚነዱት፣ መንገዱም ጠባብ ጠመዝማዛ ነው፣ ዳኒ ደግሞ በቀኙም ሲነዳ አውቀዋለሁ። ታክሲ ስትይዙ ታርጋው ቀይ መሆኑን እዩ፣ ፈቃድ ያለው እሱ ነው፣ ሳትገቡ በፊት ደግሞ ዋጋውን ተነጋገሩና የየትኛው አገር ዶላር እንደሆነ ጠይቁ፣ የነሱ ዶላር ከ150 በላይ ነው ለአንድ የአሜሪካ። አባትሽ አንድ የቆዳ ጫማ አንስቶ 6,000 ሲሉት እንዴት እንደወረወረው ብታዪ፣ ሻጩ ሳቀብን።

ደንስ ሪቨር የሚባለው ፏፏቴ ሂዱ፣ ኦቾ ሪዮስ አጠገብ ነው። ፏፏቴ ስልሽ እንደ ጢስ ዓባይ ከሩቅ ቆመሽ የምታዪው እንዳይመስልሽ፣ ከታች ከባህሩ ጀምረሽ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጥሽ ውሃው እላይሽ ላይ እየወረደ ነው ወደ ላይ የምትወጪው፣ ወደ 180 ሜትር ነው፣ ሰው ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ። እኔ የማላውቀው ጀርመናዊ ሽማግሌ እጅ ይዤ እመቤቴን እየጠራሁ ወጣሁ። ውሃ ውስጥ የሚደረገውን የጎማ ጫማ ከዚሁ ገዝታችሁ ሂዱ፣ በር ላይ ያከራያሉ ግን ስንቱ እግር እንዳለፈበት አይታወቅም። ቪዲዮ ቀርጸው አምጡ ሂሳብ ሲሏችሁ ደግሞ ከፈለጋችሁ ክፈሉ፣ እኛ ከፍለን አንዴም አላየነውም።

ማታ ደግሞ ፋልማውዝ ጋ ያለውን የሚያበራውን ውሃ እንዳታልፉት። ከሁሉም ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ወንዙና ባህሩ የሚገናኙበት ቦታ ነው፣ ውሃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ነፍሳት አሉ፣ ስትነኪያቸው ያበራሉ። ጀልባዋ ጨለማው መሃል ቆማ እጄን ስነክር ጣቶቼ ዙሪያ ሰማያዊ ብርሃን ፈሰሰ፣ ሳወጣው ጠፋ፣ እንደገና ከተትኩት፣ እንደ ሕፃን ስጫወት ቆይቼ ቀና ስል አባትሽ ዝም ብሎ እያየኝ ነበር። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ይሁን፣ ጨረቃ ካለች ያን ያህል አይታይም።

ምግብ። ይሄን ለብቻው ልንገርሽ ምክንያቱም ተዋርጃለሁ። ሮብ ጠዋት ቁርስ ብለው ቢጫ ፍርፍር ያለ ነገር አመጡልኝ፣ እኔ እንቁላል ፍርፍር መስሎኝ ዛሬ እኮ ጾም ነው ብዬ ሳህኑን ገፋሁት፣ አስተናጋጇ ግራ ገባት፣ ለካ አኪ የሚባል ፍሬ ነው፣ ከዛፍ የሚለቀም፣ ጨው ካለው ደረቅ ዓሣ ጋር ነው የሚሠራው፣ የአገሩ ዋና ምግብ። ፍሬው ከምዕራብ አፍሪካ ነው የመጣው፣ ሳይበስል ከተበላ መርዝ ነው፣ ዛፉ ላይ እንዳለ ራሱ አፉን ከፍቶ ሲስቅ ነው የሚቆርጡት። ከዚያማ ዓሣ ጾም ይፈስካል አይፈስክም የሚለውን ክርክር ከአባትሽ ጋር እዛው ገበታ ላይ ጀመርን፣ ምግቡ በረደ። ራስታዎቹ አይታል የሚሉት ምግብ ግን ሥጋ የሌለው ነው፣ ብዙዎቹ ጨውም አያገቡበትም፣ ለጾም ቀን እሱን ፈልጊ፣ ጨው እንደረሱት ሽሮ ነው የሚመስለው ግን ይበላል። ለፍስክ ቀን ጀርክ ዶሮ፣ ፒሜንቶ በሚሉት ዛፍ እንጨት ጢስ ላይ የሚጠበስ፣ ቃሪያቸውን ደግሞ አትናቂው፣ እኔ ሚጥሚጣ ያሳደገኝ ሰው ነኝ ብዬ ነክሼው ውሃ ውሃ ብያለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ኪንግስተን ሂዱ። ሰው ሁሉ ኪንግስተን ምን ልትሠሩ ነው አደገኛ ነው ይላችኋል፣ አዎ እንደማንኛውም ትልቅ ከተማ ነው፣ ማታ አትዙሩ፣ ሆቴሉ የሚያውቀው ሾፌር ያዙ፣ በቃ። ከሞንቴጎ ቤይ ናትስፎርድ ኤክስፕረስ የሚባል ንጹህ አውቶብስ አለ፣ ሦስት አራት ሰዓት ቢወስድባችሁ ነው። ቅዳሜ ሂዱና አድራችሁ እሁድ ጠዋት ማክስፊልድ አቬኑ ያለው ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያናችን ግቡ። ሰፈሩ ድሃ ነው፣ አትደንግጪ። በሩን አልፌ ስገባ ነጭ የለበሱ ጃማይካውያን እናቶች «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲሉ ሰማሁ፣ እዚህ አሜሪካ ተወልዳችሁ እናንተን ለማስተማር ስንት ዓመት የታገልኩበትን እነሱ በዛ ዜማ ሲሉት እግሬ ከዳኝ፣ አባትሽ ነው የደገፈኝ (እሱም ያለቅስ ነበር፣ እንዳልነገርኩሽ ሁኚ)። ቤተ ክርስቲያናችንን እዛ ያቋቋሟት አቡነ ይስሐቅ ናቸው፣ በ1970 በፈረንጅ ነው የተላኩት፣ ቦብ ማርሌይም ሊሞት ወራት ሲቀሩት በእሳቸው እጅ ነው የተጠመቀው፣ ስሙም ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። ሰው ቲሸርት ላይ ያየዋል እንጂ ቀብሩ በኛ ሥርዓት እንደተፈጸመ ስንቱ ያውቃል። ሆፕ ሮድ 56 ቁጥር ያለው ቤቱ አሁን ሙዚየም ነው፣ በ1976 ሊገድሉት ሲተኩሱ ግድግዳው ላይ የቀረው የጥይት ቀዳዳ ዛሬም አለ፣ እዩት።

ከዛ ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ፖርት ሮያል ሄዳችሁ ዓሣ ብሉ። የባህር ወንበዴ ከተማ ነበር፣ በ1692 መሬት ተንቀጥቅጦ አብዛኛው ከተማ ባህር ውስጥ ገባ። በዛው ታልፋላችሁና አየር ማረፊያውን ስታዩት ጃንሆይ ያረፉበት ነው፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 በኛ። ወደ መቶ ሺህ የሚሆን ሰው ዝናብ ሲመታው አድሮ አስፋልቱን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው፣ ጃንሆይ መውረድ አቅቷቸው ውስጥ ቆዩ፣ በኋላ ሞርቲመር ፕላኖ የሚባል የራስታ ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ ነው ሕዝቡን አረጋግቶ ያስወረዳቸው። ቀኑን እስከዛሬ ያከብሩታል።

ይሄን ሁሉ የነገረን ዓሣ ቤቱ ደጃፍ ላይ መጥረጊያ የሚሸጥ አንድ የራስታ ሽማግሌ ነው። ኢትዮጵያውያን ነን ስንለው ተነሥቶ ቆመ። እንደዛ ታይቼ አላውቅም ሚሚዬ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሠላሳ ዓመት ኖሬ አክሰንቴን ሰምቶ የሚነሣልኝ ሰው አላየሁም። «እምፕረስ» አለኝ፣ እቴጌ ማለት ነው፣ ሴቱን ሁሉ እንደዛ ነው የሚሉት ግን ዝም ብዬ ወሰድኩት። ከዛ «በዓይንሽ አይተሻቸዋል?» አለኝ።

አይቻቸዋለሁ። ሰባት ወይ ስምንት ዓመቴ ነው፣ የገና ለት ከሰፈር ልጆች ጋር ቤተ መንግሥት ተሰልፈን ገብተን ሹራብና ብርቱካን ተሰጥቶን ነበር፣ ሹራቡ ቀይ ነው፣ እጅጌው ይረዝምብኝ ስለነበር እናቴ አጥፋ ሰፍታልኝ ሁለት ዓመት ለብሼዋለሁ። ይሄን ነገርኩት። ሹራቡ ምን ዓይነት ቀይ ነው አለኝ፣ እጃቸው ነክቶሻል አለኝ፣ ብርቱካኑን በላሽው ወይስ አስቀመጥሽው አለኝ፣ ልጅ ነበርኩ እኮ በላሁት ስለው በጣም ሳቀ፣ ከዛ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ አድርጎ ትንሽ ዝም አለ።

ሌላውን ግን አልነገርኩትም። መስከረም 2 ቀን 1967 በቮልስ ጭነው ሲወስዷቸው መንገድ ዳር ሆኖ ሌባ ሌባ ከሚለው ሰው መሃል እኔም ነበርኩ፣ አሥር ዓመት ተኩል ልጅ፣ ሰው ሲጮህ ጮህኩ፣ ምናልባትም ያንኑ ሹራብ ለብሼ ይሆናል፣ አላስታውስም። አያትሽ ሰምታ በጥፊ መታችኝ፣ ደግሞ እሷም ብትሆን ጃንሆይን ያን ያህል አትወዳቸውም ነበር፣ የወሎን ረሃብ ሰምታለች፣ የሷ ዘመዶች ናቸው ያለቁት። ታዲያ ይሄን ሁሉ ለዛ ሽማግሌ በየት ጀምሬ ልንገረው? አንቺ ከጠየቁሽ እናቴ አይታቸዋለች በይ፣ የሹራቡን ንገሪያቸው፣ ይበቃል።

ቡናውን ረስቼው። ብሉ ማውንቴን ተራራው 2,256 ሜትር ነው፣ ወጣቶቹ በሌሊት ተነሥተው ፀሐይ ስትወጣ ጫፉ ላይ ለመድረስ ይወጡታል፣ እናንተ ከቻላችሁ ውጡ እኛ ከመኪና አልወረድንም። ቡናው ዓለም ላይ ውድ ከሚባሉት ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ዘሩ ዞሮ ዞሮ የኛው ነው፣ በ1728 ነው ጃማይካ የገባው። እኔ ግን የተቆላ ገዝቼ መጥቼ ጀበና ላይ ጥጄው ሦስተኛው ሳይደርስ ውሃ ሆነ፣ ከይርጋጨፌ አላወዳድረውም፣ ለባልሽ ቤተሰብ ስጦታ ከፈለግሽ ትንሿን ከረጢት ግዢ።

መግቢያ ፎርሙ ኦንላይን ነው፣ በነጻ ነው፣ ክፈሉ የሚላችሁ ካለ አጭበርባሪ ነው። ስለ ቅጠሉ ደግሞ እናትሽ ነኝና ልናገር፣ በፈረንጅ ከ2015 ወዲህ ትንሽ መያዝ እንደ በፊቱ አያሳስርም፣ ግን ሻንጣ ውስጥ አንዲት ፍሬ ብትገኝ አየር ማረፊያ ላይ እኔ አላውቃችሁም።

ከደብዳቤው ጋር ነጠላ ልኬልሻለሁ፣ በሰማያዊው ፌስታል ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ በሴቶቹ በኩል ከፊት መነጽር የምታደርግ ቀጭን ሽማግሌ እናት አለች፣ የኔን ነጠላ ጥለቱን እየዳሰሰች ስታይ ነበር፣ ያኔ አውልቄ ልሰጣት ፈልጌ በባዶ ራሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቆም አፍሬ ተውኩት፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ለሷ ስጪልኝ። ሻንጣዬ ሞላ እንዳትዪኝ፣ ከአራቱ ጫማሽ አንዱን አውጪ።

እናትሽ