ለአምስቱ ቀለበት ውድድር ለደረሳችሁልን ሁሉ፦ ከጎንደር የምስጋና መልእክት

ከሁሉ አስቀድሞ ያሰብነውን በሰላም ላስጀመረንና ላስፈጸመን ፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው። ባለፈው ቅዳሜ ጎንደር ላይ ያካሄድነው የካርድ ጨዋታ ውድድር በ16 ተጫዋቾች ተጀምሮ በ16 ተጫዋቾች አልቋል። አንድም ሰው አቋርጦ አልወጣም። ይህ እንዲሆን የደከሙት ሰዎች ብዙዎቹ ካርዱን በእጃቸው ነክተው የማያውቁ፣ ጨዋታው ምን እንደሆነም እስከ ዛሬ በቅጡ ያልተረዱ ናቸው። እነሱን በየቤታቸው እየዞርኩ አመስግኛለሁ፤ ግን አይበቃኝም። ሰው ሁሉ ይስማልኝ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ለማታውቁት ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። ሌጀንድ ኦፍ ዘ ፋይቭ ሪንግስ ይባላል፤ እኛ በአጭሩ አምስቱ ቀለበት እንለዋለን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። ሮኩጋን የሚባል፣ ጥንታዊት ጃፓንን የሚመስል የምናብ ግዛት አለ። አንበሳ፣ ዘንዶ፣ ሸርጣን፣ ጊንጥ፣ ፊኒክስ እየተባሉ የሚጠሩ የመሳፍንት ቤቶች በአንድ ንጉሠ ነገሥት ሥር ሆነው ይፎካከራሉ። ተጫዋቹ ከቤቶቹ አንዱን ይመርጥና ሳሙራዮቹን፣ መሬቱንና የቤቱን ስም ይዞ ይሰለፋል። ለ20 ዓመት ሲታተም ከቆየ በኋላ በ2015 ባለቤቱ ኩባንያ ለሌላ ሸጠው፤ ካርዱም መታተሙ አበቃ። ገዢው በ2017 በዚያው ስም ያወጣው ሕጉ የተለየ ሌላ ጨዋታ ስለሆነ የድሮው ካርድ ከእሱ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ እኛ የምንጫወተው አዲስ ካርድ የማይመጣለትን፣ ከሱቅ የማይገዛውን ጨዋታ ነው።

ታዲያ ለምን አትተዉትም የሚሉን አሉ። እኔ እስከማውቀው ድረስ ሰው ላይ ጦር ሳያነሱ በክብር ብቻ የሚያሸንፉበት እንዲህ ያለ ጨዋታ ሌላ አላየሁም። የባላጋራን አራቱንም ግዛቶች ማፍረስ አንድ የማሸነፊያ መንገድ ነው። አምስቱን ቀለበቶች፣ ማለትም የአየርን፣ የምድርን፣ የእሳትን፣ የውኃንና የባዶውን፣ ሰብስቦ መደርደርም ሌላ ነው። ነገር ግን የቤቱን ክብር 40 ያደረሰና ተራው ሲገባ ያንኑ እንደያዘ የተገኘ ተጫዋች ያለ ምንም ጦርነት ያሸንፋል። ክብሩ ከዜሮ በታች ወርዶ ነጌቲቭ 20 የደረሰ ደግሞ ሠራዊቱ ሙሉ ቢሆንም፣ ግዛቱ ባይነካም፣ እዚያው ተሸናፊ ነው። አንዳንድ ሳሙራይ ደግሞ የቤቱ ክብር ዝቅ ካለ ወርቅ ቢቆለልለትም አላገለግልም ይላል። የጎንደር ልጅ ይህን ሰምቶ እንዴት ይተወዋል?

ካርዶቹን ያገኘነው አሜሪካ ከሚኖረው አብሮ አደጋችን ነው። ተማሪ ሳለ ሲጫወትበት የነበረውን ስብስብ አንድም ሳያስቀር ይዞልን መጣ። የተፈቀደለትን ኪሎ ካርዱ ስለጨረሰበት ለራሱ ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ ብቻ ነበር የያዘው። እናቱ ሻንጣው ሲከፈት «ልጄ ከስንት ዘመን በኋላ ወረቀት ጭኖ መጣ?» ብለው ደነገጡ። እማማ፣ ያ ወረቀት 16 ሰው ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቤት አስቀምጦ አዋለ። ልጅዎን ይባርክልን፣ እርስዎንም ያቆይልን።

አንድ ተጫዋች ሁለት ዴክ፣ ማለትም ሁለት የካርድ ክምር፣ ያስፈልገዋል፤ የሥርወ መንግሥትና የዕጣ የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 40 ካርድ። ለ16 ሰው ሲባዛ 1,280 ካርድ ነው። ከስብስቡ የጎደለውን ፎቶ ኮፒ አድርገን ተራ ካርድ ላይ በመደረብ ሽፋን ውስጥ ማስገባት ነበረብን። ፒያሳ ያለችው የፎቶ ኮፒ ቤት እህታችን ይህን ሥራ በወረቀቱ ዋጋ ብቻ ሠራችልን። በመቁረጫው ከቆረጠች በኋላ የእያንዳንዱን ካርድ አራት ማዕዘን በጥፍር መቁረጫ አንድ በአንድ አለዘበችው። ሹል ሆኖ ከቀረ የፕላስቲኩን ሽፋን ይቀደዋልና። ደንበኛ ሲመጣ ታስተናግዳለች፣ ሲሄድ ተመልሳ ማዕዘን ታለዝባለች። እኛ ያላሰብነውን እሷ አስባ ጥቁሩን ሽፋን ለሥርወ መንግሥቱ፣ አረንጓዴውን ለዕጣው ለይታ በየላስቲኩ አስራ ሰጠችን። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ።

ሕጉን ወደ አማርኛ የመለሰልን የእንግሊዝኛ መምህር ወዳጃችን ነው። ከመካከላችን ጎበዝ ተጫዋች ማን ነው ቢባል ሁላችንም የምንጠቁመው እሱን ነው። ቢሆንም ዳኛ ከሌለ ውድድር የለም ብሎ ራሱ ሳይጫወት ቀኑን ሙሉ በየጠረጴዛው ሲዞር ዋለ። ይህን መሥዋዕትነት የሚያውቀው ጨዋታውን የሚወድ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ ልግባ። ቃል የተገባልን አዳራሽ በዋዜማው ለሌላ ስብሰባ ተፈልጓል ተባልን። ሰው ተጠርቷል፣ የባሕር ዳር ልጆች ቲኬት ቆርጠዋል፣ እኛ ግን ቦታ የለንም። ያን ማታ ከፒያሳ ጀርባ ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ወሬውን ከአስተናጋጃቸው ሰምተው አስጠሩኝ። ቅዳሜ ገበያተኛ የሚበዛበት፣ የሳምንቱ ጥሩ ገቢ የሚገባበት ቀን መሆኑን እያወቁ «የውስጠኛውን ክፍል ውሰዱት፤ ለውጪዎቹ ደንበኞቼ በረንዳው ይበቃቸዋል» አሉኝ። ኪራይ ስጠይቃቸው ተቆጡኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ቃል ያጥረኛል። እትዬ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ቤትዎ አይጉደል።

ጠረጴዛና ወንበር አነሰ። የሰፈራችን እድር ለልቅሶና ለሠርግ የሚያውለውን ወንበር ለካርድ ጨዋታ ያውሳል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። የእድሩ ጸሐፊ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ቁማር አለበት ወይ? የለበትም፣ ገንዘብ አይያዝበትም አልኳቸው። ወዲያው መጋዘኑን ከፈቱልን። የሰፈሩ ወጣቶችም በባጃጅ እያመላለሱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አድርሰው ደረደሩት። ለጸሐፊውም፣ ለእድሩ አባላትም፣ ለባጃጅ ሾፌሮቹም ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ከባሕር ዳር የተነሱት አራት ልጆች መንገድ ላይ አዲስ ዘመን ሲደርሱ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ሌሊት ተነስተው የጀመሩት ለእኛ ብለው ነው። የተሰበሰቡትን 12 ተጫዋቾች እንጀምር ወይስ እንጠብቅ ብዬ ስጠይቅ ሁሉም እንጠብቅ አሉ። ከማራኪ፣ ከአዘዞና ከቆላ ድባ በማለዳ የመጡት ሳይቀሩ። በዚያ የጥበቃ ሰዓት ከበረንዳው ደንበኞች አንዱ፣ ገበጣ በመጫወት የሚታወቁ አባባ፣ ክብር በምን ትቆጥራላችሁ ብለው ጠየቁን። በወረቀት እንጽፋለን ስንላቸው «ወረቀት ያጣላል» ብለው ከቤታቸው የገበጣ ጠጠራቸውን በከረጢት አስመጡልን። ቀኑን ሙሉ የሁሉም ክብር የተቆጠረው በእሳቸው ጠጠር ነው። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ጨዋታው ገብቷቸው አጠገባችን ቁጭ ብለው ሲከታተሉ ዋሉ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን አባባ።

ውድድሩ በስዊስ አሠራር ነበር፤ አሸናፊ ከአሸናፊ፣ ተሸናፊ ከተሸናፊ እየተገናኘ 16ቱም አራቱንም ዙር ይጫወታል፤ የተሸነፈ አይባረርም። ከባሕር ዳር ድረስ መጥቶ በአንድ ሽንፈት መመለስ ደግ አይደለም ብለን ነው ይህን የመረጥነው። እያንዳንዱ ዙር ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

የነቢያት ጾም ስለነበር ምሳው ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነበር። እትዬ ግን ካርዱን ከእኛ በላይ ነው የተጠነቀቁለት። ምሳ ሲያልቅ ማስታጠቢያና ፎጣ ይዘው የውስጠኛው ክፍል በር ላይ ቆሙ፤ እጁን ያልታጠበ አንድም ሰው አላለፈም። ዳኛውን እንኳ መልሰው አስታጥበውታል። ይኸው ዛሬ ካርዶቹን ስቆጥር ወጥ የነካው አንድም አላገኘሁም።

አራተኛው ዙር ሊጀመር ሲል መብራት ጠፋ። ቀኑ መሽቷል፣ ክፍሉ መስኮት የለውም። ጎረቤት ያሉት ባልና ሚስት ሕፃን ልጃቸው የሚያጠናበትን የሶላር መብራት ይዘው መጡ። ልጁ ራሱ ነው አምጥቶ ያስረከበኝ። ሌሎቻችሁም ስልካችሁን ከጣሪያው ገመድ ላይ አንጠልጥላችሁ አበራችሁልን። ሶላሩን ሦስቱን ዙር ያሸነፉት ሁለቱ በተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ አደረግነው።

የመጨረሻውን ጨዋታ በዝርዝር ልናገር፤ ምክንያቱም ከሁሉ በላይ ላመሰግን የምፈልገው እዚያ ጠረጴዛ ላይ የነበሩትን ነው። ፊኒክስን የያዘችው የነርሲንግ ተማሪ ናት። አንበሳን የያዘው ከባሕር ዳር የመጣ ወጣት ነው። እሷ ክብሯን 41 አድርሳለች፤ ተራዋ እስኪገባ ብቻ መቆም አለባት። እሱ ሦስት ግዛቷን አፍርሷል፤ የቀረችው አንዲት ግዛት ናት፣ ጥንካሬዋም 7። ያለውን ሠራዊት ሁሉ አዘመተ፤ ኃይሉ 18 ሆነ። እሷ ያሏትን ሳሙራዮች ለመከላከያ አሰለፈች። ካርዳቸውን አውጥተው ጨርሰው ሒሳብ ሲደርስ እሷ የራሷን ደምራ 9 አለች። 18 ላይ 9 ሲቀነስ 9 ነው፤ ከ7 ይበልጣል፤ ግዛቲቱ ፈረሰች ማለት ነው። ጠጠሯን ወደ ከረጢቱ መመለስ ጀመረች።

ልጁ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አስቆማት። «ከሥር ያለውን ተከታይ አልቆጠርሽም» አላት። እውነትም ከአንዱ ሳሙራይ ሥር የተወሸቀ፣ ጫፉ ብቻ የሚታይ ተከታይ፣ ማለትም በሳሙራዩ ኃይል ላይ የሚደመር ካርድ ነበር፤ ኃይሉ 4። በዚያ ብርሃን እኛ ዙሪያውን የቆምነውም አላየነውም። እሱ ግን አይቶታል። 13 ሆነ፤ ልዩነቱ 5፤ ግዛቲቱ ቆመች። ተራዋ ገባ፣ ክብሯ 41፣ አሸነፈች። ክፍሉ ውስጥ ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ያለው ጭብጨባ እስከ መንገዱ ተሰምቷል፤ አባባም ተነስተው ልጁን ግንባሩን ሳሙት።

ወንድሜ፣ ያን ካርድ ባትናገር ማንም አያውቅብህም ነበር። ዋንጫውን ይዘህ ባሕር ዳር ትገባ ነበር። ስላሳደጉህ ወላጆችህ አመሰግናለሁ። ስምህን እንዳልጽፈው ለምነኸኛልና ቃሌን አክብሬያለሁ።

ጨዋታው በሚታተምበት ዘመን ትልልቅ ውድድሮችን ያሸነፉ ተጫዋቾች የሮኩጋን ታሪክ ወዴት እንደሚሄድ ይወስኑ ነበር፤ ኩባንያውም ያንን ይዞ ቀጣዩን ምዕራፍ ያወጣ ነበር። ብዙ ሰው ጨዋታውን የወደደው በዚህ ነው። ካርዱ ሲቆም ያም ቆመ። እኛ ግን ለአሸናፊዋ ከዋንጫው ጋር ያንኑ መብት ሰጠናት። እሷም የፊኒክስ ቤት መጻሕፍቱን የሚጠብቅለት የአንበሳ የጦር አለቃ እንዲሆን ወሰነች። ጽሑፉን የሚጽፍልን ማራኪ የሚኖረው ተጫዋቻችን ነው፤ ሲጨርስ እትዬ ቤት ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን። እሳቸውም ፈቅደዋል።

ስማችሁን ያልጠራሁ፣ ቡና ያፈላችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ መጥታችሁ ያበረታታችሁ፣ ለሚኒባሱ የመለወጫ ጎማ ያዋሳችሁ የአዲስ ዘመን ሹፌር፣ ሁላችሁም ውለታችሁ አለብኝ። የእድሩ ወንበሮች እሑድ ጠዋት ተቆጥረው ተመልሰዋል። ሶላሩም ለባለቤቱ ለትንሹ ወንድማችን ደርሷል። ከአባባ ጠጠር ግን ሦስት ጎድሏል፤ ኪሱ ውስጥ ያገኘ እባክዎ ወደ እትዬ ቤት ያድርስልን። የሸርጣን ዴክ ይዞ የሄደው ወንድማችን ደግሞ አይጨነቅ፤ እሑድ ከሰዓት ስለምንገናኝ ያኔ ይዞት ይምጣ። መጫወት የሚፈልግ አዲስ ሰውም ባዶ እጁን ይምጣ፤ ዴኩን እኛ እናውሰዋለን።

የውድድሩ አስተባባሪ
ጎንደር