ኩርባ ላይ ቀስ በል

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትህን ጉልበቷ ብቻ ያስቸግራታል። ባቡር መንዳት ተፈቀደልህ የተባለ ዕለት ቡና አፍልታ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። እኔም ኮርቻለሁ። ነገር ግን የአክስትህ ልጅ ከአዳማ እስከ መተሐራ በመኪናህ እንዴት አድርገህ እንዳመጣሃት ነግራናለች። ወንበሩን ጨብጣ ስትጸልይ ነው የደረሰችው። ልጄ፣ ኩርባ ላይ ቀስ በል። በመኪና የለመዱት በባቡርም አይቀርም።

እኔ ነጂ አልነበርኩም፣ የሐዲድ ሠራተኛ ነበርኩ። ኩርባ ላይ የውጪው ሐዲድ ከውስጠኛው ከፍ ብሎ ይነጠፋል። ያንን ከፍታ በውሃ ልክ እየለካን፣ ከሐዲዱ ሥር ጠጠር እየጠቀጠቅን የምናስተካክለው እኛ ነበርን። ከፍታው የሚሰላው ለተወሰነ ፍጥነት ነው፤ ከዚያ አብዝተህ ካለፍክ ሐዲዱ ምንም ቢጠብቅ አይዝህም። የእኛ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፣ የእናንተ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው፤ በ120 ይሄዳል ትለኛለህ። ይሂድ። ኩርባ ላይ ግን የተጻፈውን ታከብራለህ፣ አለቀ።

ጥር 1977ን ቤታችን ውስጥ አናነሳም፤ እናትህ አትወድም። ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ባቡር እዚሁ አዋሽ አጠገብ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ኩርባው ላይ ደረሰና ፉርጎዎቹ ከድልድዩ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ሰፈሩ አንሶላውንና ጋቢውን እየያዘ ሮጠ። ብዙ ቤት ከዚያ በኋላ የሚለብሰው አልነበረውም። እናትህ ያኔ ጣቢያው ላይ የተቀቀለ እንቁላልና ብርቱካን ትሸጥ ነበር። ከድሬዳዋ የሚመላለሱትን ነጋዴዎች ስማቸውን ባታውቅም መልካቸውን ታውቃለች። ለብዙ ጊዜ ባቡር በቆመ ቁጥር ሸቀጧን ትታ በየመስኮቱ እየዞረች ፊት ትፈልግ ነበር። ያላየችውን ደግሞ ማታ ለእኔ ትነግረኛለች፤ «ያ ወፍራሙ፣ ሁልጊዜ መልስ የሚተውልኝ፣ ዛሬም የለም» ትላለች። አንተ አልተወለድክም ነበር።

አዋሽ ሰባት እኮ ባቡር የሠራት ከተማ ናት። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ደርሶ፣ ዓመታት ቆሞ፣ በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ እኛ መሃል መንገድ ላይ ተገኘን። ተሳፋሪው ወርዶ ቡፌው ውስጥ ይበላል፣ አያትህ እዚያው ወጥ ሠርታ ነው ያሳደገችን። ሰኞ ገበያ ከረዩውም አፋሩም ፍየሉን እየነዳ ይመጣል፤ ሰዓት የምናውቀው በባቡሩ ጩኸት ነበር። አሮጌው ባቡር ሲቀር ከተማው አብሮ የሚቀር መስሎኝ ነበር፤ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች አቆዩን። አሁን አንተ በሌላ ሐዲድ በዚሁ ታልፋለህ ሲሉኝ ደስታው እንቅልፍ ይነሳኛል፣ ፍርሃቱም እንደዚያው።

ሌሊት ተረኛ ከሆንክ ቀን ተኛ። ጫት እንቅልፍን አይተካም፤ ማንም ቢሰጥህ እንዳትቀበል። ባልደረባህ «ዘግይተናል» ቢልህም ኩርባ ላይ ቀስ በል፤ የዘገየ ሰው ይቆጣል እንጂ አይሞትም።

የእናትህን የግፊት መድኃኒት እዚህ አጥተነዋል። ማዘዣውን የአክስትህ ልጅ ይዛለች፣ ከእሷ ተቀብለህ የሁለት ወር ግዛ። የላክኸው ገንዘብ ደርሷል፤ በሚቀጥለው ወር ግን አትላክ፣ የመኪናህ የፊት ጎማዎች አልቀዋል ብላለችና ቀይርበት።

አባትህ