የጤና ጣቢያ ኃላፊ በሹመት ደብዳቤ ብቻ አይፈጠርም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች በየቀበሌው ተሰማርተዋል። የእነርሱ ድካም ፍሬ የሚያፈራው ግን የሚደግፋቸው ጤና ጣቢያ በወጉ ሲመራ ነው። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ለ25,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግልና በሥሩ ያሉትን አምስት ጤና ኬላዎች እንዲከታተል ስለሚጠበቅ፣ ኃላፊው ከሕክምናው ባሻገር በጀት፣ መድኃኒትና ሠራተኛ የማስተዳደር ሸክም ይወድቅበታል።

እኔም በነርስነት ሳገለግል ቆይቼ በአንድ ደብዳቤ ኃላፊ ስሆን፣ የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጹን አሞላል እንኳ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። በዚያው ዓመት አሞክሲሲሊን አልቆብን ሳለ፣ በመጋዘናችን ጥግ ሌላ መድኃኒት ጊዜው አልፎበት ተገኘ። የታመመ ልጇን አዝላ ባዶ እጇን የተመለሰችውን እናት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

በአዳራሽ የሚሰጥ የአንድ ሳምንት ሥልጠና፣ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ይህን ክፍተት አይሞላም። የሚመለከታቸው የጤና ቢሮዎች ተሿሚው ሥራውን ከመረከቡ በፊት ልምድ ካለው ኃላፊ ጋር ለጥቂት ወራት እንዲሠራ፣ ከተረከበም በኋላ ሥራው ሳይጸና እንዳይዛወር እንዲያደርጉ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ ከደቡብ ወሎ